ሳትበተኑ ስሙኝ

ልጆቼ፣ የኳስ ቡድናችሁን ነገር ሰምቻለሁ። የየካ ወሬ ከዋሻ ሚካኤል ዳገት ወርዶ ላምበረት እስኪደርስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። አምበላችሁና ገንዘብ ያዣችሁ ተኮራርፈዋል፤ ዘንድሮ ከተጫወታችሁት አብዛኛውን ተሸንፋችኋል፤ ማልያውም በየቤቱ ቀርቷል። «ዘመኑ አይመችም፣ ኑሮው ከብዷል፣ ሜዳውም እየጠፋ ነው፤ ቢቀርብንስ?» እየተባባላችሁ ነው አሉ። ምከረን ያለኝ የለም። ቢሆንም «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ቢል መከራ ይምከረው» ይባላልና፣ መከራው ተራውን ከመያዙ በፊት የእኔን ተራ ልጠቀምበት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከእናንተ ውስጥ የአርሰናልን ተቀያሪ ተከላካይ የትውልድ መንደር ሳይቀር የሚያውቅ አለ። አርሰናልን በ1886 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያቆሙት ዉልዊች በሚባል ሰፈር የሚገኝ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች እንደሆኑም ሳታውቁ አትቀሩም። እሺ፣ አየለ አትናሽ ማን ነው? ጆርጅ ዱካስስ? ይኸው ዝም አላችሁ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና በእነሱ ነገር ልምከራችሁ። «ዘመኑ አይመችም» ያላችሁትንም እዚያው እንመዝነዋለን።

1928 ዓ.ም. እንዴት ያለ ዓመት እንደነበር አባቶቻችን ሲነግሩን አንገታቸውን ይደፉ ነበር። መስከረም 22 ቀን የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ። ክተት ታወጀ። ከዚህ ከእንጦጦ ሥር፣ ከየካም ከጉለሌም፣ ስንቁን በአገልግል የቋጠረ ሰው ሁሉ ወደ ሰሜን ተመመ። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች። አዲስ አበባ የቀረው ሽማግሌና ሴት፣ ልጅና ካህን ነው ማለት ይቻላል። ጨለማ ሲሆን የሚወራው ስለ መርዝ ጢስና ስለ አውሮፕላን ነበር።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን፣ ኅዳር ሚካኤል ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ ቡድን አቋቋሙ። ስሙንም በሰፈሩ ታቦት ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ኳስ ያልታየ ነገር አልነበረም፤ አርመኑም፣ ግሪኩም፣ ጣሊያኑም፣ ሕንዱም በየወገኑ ይጫወት ነበር። የአገሩ ልጅ ግን ዳር ቆሞ ኳስ ሲወጣ የሚያቀብል ነበር። ሁለቱ ልጆች ያንን ነው የለወጡት። አገሩ እየነደደ ኳስ? ብሎ የሚቆጣ ሽማግሌ በዚያን ጊዜም ሳይኖር አይቀርም፤ እኔም በቦታው ብኖር ከተቆጪዎቹ መካከል የምሆን ይመስለኛል። ደግነቱ ልጆቹ አልሰሙም።

ያ የመጀመሪያ የውድድር ዘመን ስንት ወር ዕድሜ አገኘ? አምስት። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የሆነው ሆነ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ከተማይቱም ለዘረፋና ለእሳት ተጋለጠች። ሚያዝያ 27 ቀን የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ገባ። ቡድኑ ገና መጀመሩ ነበር። በዓመቱ ደግሞ የካቲት 12 መጣ፤ ሦስት ቀን ሙሉ በአካፋም በዶማም፣ በጥይትም በእሳትም ሕዝብ ያለቀበት። ከዚያ ሁሉ በኋላ አንድ የሰፈር ኳስ ቡድን ቢፈርስ ማን ይታዘበዋል? ማንም። ለመበተን የእነሱን ያህል ምክንያት ያለው ቡድን በዓለም ላይ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። የእናንተን ምክንያት ደግሞ እስቲ አጠገቡ አስቀምጡት፦ የማልያ አጠባ ተራ፣ የሁለት ልጆች ኩርፊያ፣ የዳኛ ፊሽካ።

አልተበተኑም። ጣሊያኖቹ ኳሱን አልከለከሉም፤ ኳስ የሚያባርር ልጅ ጠመንጃ አያባርርም ብለው ይሆናል። ያደረጉት ሌላ ነው። ጥቁሩ ከነጩ ጋር እንዳይጋጠም ለየብቻ ከፋፈሉት፤ የቅዱስ ጊዮርጊስንም ስም ፍቀው «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሉት። ሊቶሪዮ የፋሺስቱ ምልክት ስም ነው። አስቡት፤ በታቦትህ ስም ያቋቋምከውን ቡድን ወንድምህን በገደለው ሰው ዓርማ ስም ሲጠሩት። ልጆቹ ግን አንድ ነገር ገብቷቸዋል። ስም በጉልበት ይፋቃል፤ አብሮ የተሰለፈ ሰው ካልፈለገ በቀር ማንም አይለያየውም። በዚያ ስም እየተጠሩ ተጫወቱ፤ እርስ በርሳቸው ግን ጊዮርጊስ ነበሩ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ ተመልሰው ሲገቡ፣ አምስት ዓመት በዕለቱ መሆኑ ነው፣ ፋሺስቱ የለጠፈው ስም አብሮት ጠፋ፤ ጊዮርጊስም በስሙ ተጠራ።

ይህን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ማልያ እገዛላችኋለሁ፣ ብቻ ቡድኑ በእኔ ሱቅ ስም ይጠራ ያላችሁ ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። ሰውየውን አልወቅስም፤ ነጋዴ ነው፣ ሥራው ነው። ስሙን ደረቱ ላይ ያሳትም፤ ቢፈልግ ጀርባውም ላይ። «የካ ሚካኤል» የሚለውን የቡድናችሁን ስም ግን እንዳትነኩት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የአራዳ ልጆች በጠመንጃ ሲቀሙት ያለቀሱለትን ስም እናንተ በአሥራ አንድ ካናቴራ አትለውጡትም። ደግሞም ሰውየው ካናቴራውን እስካሁን አላመጣም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንባችሁ።

አሁን ወደ ሽንፈታችሁ ልምጣ። የዘንድሮው ነገር አሳፍሯችኋል፤ ማፈሩ ደግ ነው፣ የማያፍር ተጫዋች አይለማመድም። ግን እስቲ ጊዮርጊስን ልከተለው። ከነጻነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲደረግ የገቡት አምስት ቡድኖች ናቸው፦ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድንና ጊዮርጊስ። ከአምስቱ የአገሬው አንድ ብቻ! ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው፤ የእነዚህ የጎረቤቶቻችን የኤምባሲው ሰዎች ወገን። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የአገር ሻምፒዮንነት ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው። ከ1928 ቁጠሩ፤ አሥራ አራት ዓመት። እናንተ ገና ሁለት ክረምት ሳትሞሉ «ዋንጫ አላየንም» ትላላችሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ለማን ተብሎ የተተረተ መሰላችሁ?

ከዚህም የባሰ ሽንፈት አለ። የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ፣ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ታገደችና የእኛ ቡድን ሳይጋጠም ፍጻሜ ደረሰ። እዚያ ግብጽ አራት ለባዶ አሸነፈን፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፣ አድ ዲባ የሚባል። በ1951 ካይሮ ተሄደ፤ እንደገና ግብጽ፣ እንደገና አራት ለባዶ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ያኔ ሲፎገር የነበረውን ፉገራ ገምቱት። በሦስተኛው ጊዜ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ወደ መንበሩ በገባ ማግስት፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ያችው ግብጽ መጣች። ሁለት ጊዜ የዋንጫ ባለቤት ነበረች።

እኔ ያን ቀን ልጅ ነበርኩ። የስታዲየም መግቢያ የሚሆን ስሙኒ ቀርቶ የሻይ ሳንቲም በኪሴ አልነበረም፤ ሾላ አካባቢ ሬዲዮ ያለው ሻይ ቤት ደጃፍ ከሰው እግር መካከል ተሰግስጌ ነው የሰማሁት። ግብጽ አስቀድማ አገባች። ግርማ ተክሌ በሰባ አራተኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ገና እልልታው ሳያልቅ በደቂቃ ውስጥ ግብጽ ደገመች። ሻይ ቤቱ ዝም አለ፤ ባለቤቱ ሬዲዮውን ሊዘጋው ሲል አንድ መነኩሴ እጁን ያዙት። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ። በጭማሪ ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ ከዚያም መንግሥቱ ወርቁ። አራት ለሁለት። ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥቶ መድረስ ማለት ይህ ነው። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም፤ እነዚህ ደግሞ ሁለት ጊዜ አራት ለባዶ ተሸንፈው፣ ሦስተኛ የሚወረውሩት ያስቀሩ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ዳኛውን ተዉት። ባለፈው ጨዋታ ዳኛ በደለን እያላችሁ ሳምንት ሙሉ ስትነታረኩ ሰምቻለሁ። ምናልባት በድሏችሁ ይሆናል። እኔ ከሜዳው ዳር ሆኜ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ በሁለተኛው አጋማሽ እግራችሁ ከድቷችሁ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ጨዋታ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ከአልጋው ተነሥቶ የሚመጣ በረኛ ይዛችሁ ማንን ልታሸንፉ?

እናንተ የምትኖሩት የዓለም ሯጭ ሊለማመድበት በሚመኘው ተራራ ሥር ነው። የእንጦጦ አናት ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ እዚያ የለመደ ሳንባ ቆላ ሲወርድ ይፈነጥዛል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከደጃፌ ወጥቼ ስቆም ሯጮቹ በባሕር ዛፉ መካከል ሽቅብ ሲሄዱ አያለሁ፤ ጭራሮ ለመልቀም የሚወጡ እናቶችም አብረው ይሄዳሉ። የኳስ ተጫዋች አላየሁም። ዳገቱ ክፍያ አይጠይቅም፤ ሜዳ ጠፋ የምትሉት ይህን ለምን ረሳችሁት? ብቻ ለየብቻችሁ አትውጡ፤ በዚያ ሰዓት ጅብ ገና ወደ ጉድጓዱ አልገባም፣ ተጫዋች ይሁን በግ አይለይም።

ትምህርታችሁን በተመለከተ ደግሞ አንዱ ልጅ «ኳስ ወይም ኮሌጅ፣ አንዱን ልመርጥ ነው» አለኝ። ማን ነው ምረጥ ያለው? በ1928 ዓ.ም. ጊዮርጊስ ሲቋቋም ከልጆቹ አንዱ የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለደ፤ አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለ ቅኔ። ልጁ ይድነቃቸው ይባላል። የሚማረው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነበር፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ዛሬ ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ እያላችሁ ደብተር ይዛችሁ የምትገቡበት ያው ግቢ ነው። በየቀኑ የምትረግጡት ደረጃ ላይ ማን እንደሮጠ ብታውቁ እግራችሁን አትጎትቱም ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ለጊዮርጊስ ሃያ ሦስት ዓመት ተጫወቱ። አንድ ማልያ፣ ሃያ ሦስት ዓመት! ለብሔራዊ ቡድን አሥራ አምስት ጊዜ ተሰለፉ፤ በ1954ቱ ዋንጫ ቡድኑን ያሰለጠኑ እርሳቸው ናቸው። ከዚያ የሚበልጠው ግን በወረቀቱና በስብሰባው በኩል የሠሩት ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ፤ ከ1964 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በፕሬዚዳንትነት መሩት። የአፓርታይድን ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ሜዳ ለማስወጣት በየጉባኤው ሲከራከሩ ክርክሩ በእግር አይደለም፤ በቋንቋ፣ በሕግ ዕውቀት፣ በታሪክ ነው። ያንን ከአንድ ክፍል ወንበር ላይ ነው ያገኙት። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት አረፉ። በእንቁጣጣሽ ተወልዶ በቡሄ መሞት፤ በሁለት የልጆች በዓል መካከል የተቀመጠ ዕድሜ ይመስለኛል፣ እንዲያው የሽማግሌ ሐሳብ ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ከእናንተ ውስጥ በኳስ እንጀራ የሚበላ አንድ ከተገኘ እሰየው ነው። ሌሎቻችሁስ? አንዱ አሠልጣኝ፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ የተጎዳ ጉልበት የሚያክም ሐኪም፣ አንዱ የክለብ ሒሳብ ሠራተኛ መሆን ይችላል። ለዚህ ሁሉ ወረቀት ያስፈልጋል። አያቶቻችሁ ጠላት በወጣ በሁለት ዓመቱ ገደማ፣ በ1935 ዓ.ም.፣ እዚሁ ኮተቤ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ያስከፈተ አገር ልጆች ናቸው፤ ፍርስራሹ ሳይጠረግ ክፍሉ ተከፈተ። ፈተና ባለበት ሳምንት ልምምድ ይቅር። ፈተና የወደቀ ልጅ ለአንድ ጨዋታ አይሰለፍ ብላችሁ በሕጋችሁ ብትጽፉት እናቶቻችሁ ሁሉ ደጋፊ ይሆኑላችኋል፤ የእናት ደጋፊ ያለው ቡድን ደግሞ ማልያው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው።

አሁን የሚያስቆጣኝን ልናገር። ባለፈው ከታች ሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወቱ ከእናንተ ደጋፊዎች የተሰማውን ስድብ ሰምቻለሁ፤ የሰው ዘር የሚቆጥር ስድብ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከየት እንደተማራችሁት አውቃለሁ፤ ትልልቆቹ ስታዲየሞችም ከዚህ በሽታ አልዳኑም። ግን እስቲ በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው አምበል ማን እንደነበር አስታውሱ። ሉቺያኖ ቫሳሎ፤ አባቱ ጣሊያን፣ እናቱ ኤርትራዊት። ወንድሙ ኢታሎ አጠገቡ ቆሟል። ጣሊያን ከወጣ ሃያ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም፤ የካቲት 12 ወንድማቸውን፣ አባታቸውን የቀበሩ ሰዎች ስታዲየሙ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ለዚያ ልጅ እልል አሉለት። ቂም ለመያዝ በቂ ምክንያት የነበራቸው ሰዎች ያንን ካደረጉ፣ እናንተ ከላምበረት ማዶ ለሚኖር፣ አብሯችሁ በአንድ ታክሲ ለሚሳፈር ልጅ ምን ጠብ አላችሁ? ጠብ ያለሽ በዳቦ! ጊዮርጊስንም ያቋቋሙት አንድ አየለና አንድ ጆርጅ መሆናቸውን አትርሱ። ከእንግዲህ የሰደበውን ደጋፊ ራሳችሁ፣ ማልያውን የለበሳችሁት፣ ከሜዳ አስወጡት። ዳኛ እስኪነፋ አትጠብቁ።

የገንዘቡን ነገር ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ ነው። ገንዘብ ያዡ በልቷል ብዬ አላምንም፤ አምበሉም በክፋት አልጠየቀውም። የጠፋው ደብተር ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ፤ ገና መዋጮ ስትጀምሩ «እኛ እኮ ወንድማማች ነን፣ ምን መጻፍ ያስፈልጋል» አላችሁ፣ ይኸው አረሙ በቀለ። የእኛን እድር እዩት። ከአባሎቹ መካከል ማንበብ የማይችል አለ፤ ግን ሰብሳቢው በየወሩ ቆሞ የገባውንና የወጣውን ያነባል፤ ሸራውና ብረት ድስቱ ሳይቀር ይቆጠራል። ስለዚህ ሲጣሉ ሰምታችሁ አታውቁም፤ ቢጣሉም በቡና ነው። ገንዘቡን አንዱ ይያዝ፣ መዝገቡን ሌላው ይጻፍ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሜዳ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፤ መዋጮውን በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ ጭናችሁ ስታበቁ ጎበጥክ ብላችሁ አትሳቁበት።

እግረ መንገዳችሁን በዚያው ደብተር ሌላ ነገርም ጻፉ። ማን ከማን ጋር ተጫወተ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሜዳ፣ ማን አገባ፣ ማን ተጎዳ። ስማችሁን እስከ አያት ጻፉ። የዘንድሮውን ሽንፈት ሁሉ ሳትደብቁ ጻፉት፤ አራት ለባዶውን ያልጻፈ ቡድን አራት ለሁለቱን ማን ያምነዋል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አምበሉም ገንዘብ ያዡም እኔ ቤት ኑ። አስታራቂ ሽማግሌ አልጠራም፤ ቡናው ይበቃል። ሌሎቻችሁም ማልያውን ከየቤቱ ሰብስባችሁ አምጡ፣ የታጠበም ያልታጠበም። ደብተሩን እኔ እገዛለሁ።